ያለቀለት ክርክርና ያላለቀ ጠብ፦ የደርባኑ የኤድስ ጉባኤ

ትልቅ ስብሰባ አዘጋጅቶ የሚያውቅ ሰው ሦስት ወር ሲቀር ያለውን ጭንቀት ያውቀዋል። ሆቴል ተይዟል፣ ትኬት እየተቆረጠ ነው፣ መርሐ ግብሩ ማተሚያ ቤት ሊገባ ነው። እንግዲህ በዚህ ሰዓት መክፈቻውን ያደርጋሉ የሚባሉት የአገሪቱ ፕሬዚዳንት፣ ተጋባዦቹ ሁሉ የቆሙበትን የሙያ መሠረት “እስቲ እንደገና እንጠይቀው” የሚል ደብዳቤ ለዓለም መሪዎች ቢጽፉ ምን ይደረጋል? በ2000 በደቡብ አፍሪካዋ ከተማ ደርባን ላይ 13ኛውን ዓለም አቀፍ የኤድስ ጉባኤ ያዘጋጁ ሰዎችን የገጠማቸው ይኸው ነበር። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ ጉባኤው የተከፈተበት ጁላይ 9 በእኛ ሐምሌ 2 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው።)

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት በስብሰባ አዘጋጆች መንደር “አወዛጋቢ ርዕስ” ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ከረጢት ስለሚከተቱ ነው። አንደኛው ባለሙያው በማስረጃ የጨረሰው፣ ፖለቲካው ግን የሚቀሰቅሰው ክርክር ነው። ሁለተኛው ገንዘብና ሥልጣን ያለበት፣ ባለሙያው ራሱ ሊነካው የሚፈራው ያላለቀ ጠብ ነው። ደርባን ላይ ሁለቱ በአንድ ሳምንት ተገናኙ። እኔ እንደማየው አዘጋጆቹ የተሳካላቸው ሁለቱን መለየት በቻሉበት ቦታ ነው። የተሰናከሉትም አንደኛውን በወጉ ሳይዙት በቀሩበት ቦታ ነው።

ከጉባኤው በፊት

ይህ ጉባኤ ከ1985 እስከ 1994 በየዓመቱ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ በየሁለት ዓመቱ የሚካሄድ ነው። በ1996 ቫንኩቨር ላይ ሦስት መድኃኒት አጣምሮ መስጠት በሽተኛውን ከሞት አፋፍ እንደሚመልስ ተበሠረ። በሀብታሞቹ አገሮች ሞቱ ወዲያው አሽቆለቆለ። መድኃኒቱ ግን በሰው በዓመት ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ነበር፤ አፍሪካ ውስጥ ይህ ዋጋ ከተረት አይለይም። በሽታው የከፋው አፍሪካ ላይ ሆኖ ሳለ ጉባኤው እስከ 2000 ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ታዳጊ አገር ላይ ተደርጎ አያውቅም።

የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራም በጁን 2000 ባወጣው ሪፖርት በዓለም 34.3 ሚሊዮን ሰው ከቫይረሱ ጋር ይኖራል፤ ከዚህ ውስጥ 24.5 ሚሊዮኑ ከሰሐራ በታች ነው። ደቡብ አፍሪካ ብቻዋን 4.2 ሚሊዮን፣ ማለትም ከአምስት አዋቂ አንዱ። ኢትዮጵያም በዚያው ሪፖርት 3 ሚሊዮን ተብሎ ተጽፎላት ነበር። የእኛ ቁጥር በኋላ በተሻለ ጥናት በጣም ዝቅ ተደርጎ ተስተካክሏል፤ ያኔ በየሳምንቱ ለቅሶ ቤት ስንመላለስ ለከረምን ሰዎች ግን የተጋነነ አይመስልም ነበር።

የጉባኤው መሪ ቃል “ዝምታውን ስበሩ” የሚል ነበር። ዝም ብሎ የተመረጠ ቃል አይደለም። ከደርባን ወጣ ብላ በምትገኘው ኳማሹ በዲሴምበር 1998 ጉጉ ድላሚኒ የተባለች ሴት፣ በዓለም የኤድስ ቀን ቫይረሱ በደሟ እንዳለ በአደባባይ በመናገሯ፣ በጎረቤቶቿ ተደብድባ ተገድላ ነበር። የእኛ ሰው “ዝም አይነቅዝም” ይላል። ኳማሹ ላይ ግን ዝምታው ነቅዞ ሰው በላ።

ወደ ፕሬዚዳንቱ እንመለስ። ታቦ ምቤኪ ሥልጣን የያዙት በጁን 1999 ነው። ወዲያው ኤዜድቲ የተባለው የኤድስ መድኃኒት መርዛማ ነው የሚል ጥርጣሬ አደባባይ አወጡ። ከዚያም በካሊፎርኒያው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር በፒተር ዱስበርግ ዙሪያ የተሰበሰቡትን “ኤችአይቪ ኤድስን አያመጣም” ባዮች ማንበብ ያዙ። ኤፕሪል 3 ቀን 2000 ለክሊንተን፣ ለብሌርና ለኮፊ አናን የጻፉት ደብዳቤ አፈትልኮ ጋዜጣ ላይ ወጣ። በደብዳቤው አያመጣም ባዮቹን የሚያገልሉትን ሰዎች፣ በአፓርታይድ ዘመን ሐሳብ የተለየበትን ሁሉ ዝም ካሰኘው መንግሥት ጋር አመሳሰሏቸው። በሜይ ደግሞ ከ30 በላይ አባላት ያሉት አማካሪ ፓናል ፕሪቶሪያ ላይ ሰበሰቡ። ግማሹ ያህል በመላው ዓለም ሳይንስ ተቀባይነት ያጡት አያመጣም ባዮች ነበሩ።

ለሰውየው ፍርድ እንስጥ ከተባለ ጥያቄያቸው ሁሉ ከንቱ አልነበረም። አፍሪካዊው የሚታመመው በአንድ ቫይረስ ብቻ እንዳልሆነ፣ ረሃብ፣ ንጹሕ ውኃ ማጣትና ሳንባ ነቀርሳ እንደሚያባብሱት ማንም ሐኪም ይመሰክራል። ስለ አፍሪካዊው ወሲብ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ወሬም ዘረኝነት የተቀላቀለበት ነበር። ችግሩ ከዚህ እውነት ተነሥተው ወደ ሌላ መደምደሚያ መሻገራቸው ነው፤ በዚያ መሻገር የተነሣ እርጉዝ እናቶች መድኃኒት ሳያገኙ ይወልዱ ነበር።

ምን አማራጭ ነበር?

የመጀመሪያው “አንሄድም” ማለት ነበር። ይህን የጠየቁ ሳይንቲስቶች ነበሩ፤ ለጥያቄያቸውም የቀደመ ታሪክ ነበራቸው። አሜሪካ ቫይረሱ ያለበትን የውጭ ሰው አላስገባም በማለቷ በ1990 የሳን ፍራንሲስኮውን ጉባኤ ብዙ ድርጅቶች አድመውበታል። በ1992 ቦስተን ሊደረግ የነበረው ጉባኤም በዚሁ ክልከላ ምክንያት አምስተርዳም ሄደ። ክልከላው በ2010 እስኪነሣ ድረስ ጉባኤው አሜሪካን አልረገጠም፤ በ2012 ዋሽንግተን ላይ ነው የተመለሰው።

ታዲያ ለደርባን ለምን አልሠራም? ማደም የሚጠቅመው የሚጎዳው አካል ጥፋተኛው ሲሆን ነው። የቦስተን ጉባኤ መነሣቱ ክልከላውን ያወጣውን አሜሪካን አሳፈረ፤ የተከለከሉት ሰዎች አምስተርዳም ገቡ። ደርባን ቢቀር ግን ማን ይጎዳል? ምቤኪ የሚያጡት አንድ ምሽት ነው። የሚጎዱት ከሥራቸው ሳይታገዱ፣ ከመንግሥታቸው ጋር እየተጋጩ ሳይንሱን የያዙት የደቡብ አፍሪካ ሐኪሞችና ታማሚዎቹ ናቸው። የዓለም አቀፉ የኤድስ ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበሩት ካናዳዊው ማርክ ዌይንበርግ ጉባኤው ደርባን እንዲደረግ አጥብቀው ቆሙ። ሊቀ መንበሩ ጄሪ በሚል ስም የሚታወቁት የናታል ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ሐኪም ሁሴን ኩቫዲያ፣ የሳይንስ መርሐ ግብሩን የመሩት ደግሞ ሳሊም አብዱል ከሪም ነበሩ። ኩቫዲያ በፀረ አፓርታይድ ትግል ስማቸው የታወቀ ሰው ናቸው። ይህ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም፤ ምቤኪ “ነጮቹ ሊያዙን” ቢሉ ሊቀ መንበሩ ላይ አይለጠፍም። አወዛጋቢ ጉባኤ የሚያዘጋጅ ሰው ለሊቀ መንበርነት ሲመርጥ የሕትመት ብዛት ብቻ ሳይሆን ይህንንም ቢቆጥር ይበጀዋል።

ሁለተኛው መንገድ፣ ለብዙ አዘጋጆች እጅግ የሚያጓጓው፣ “ሁለቱንም ወገን መድረክ ላይ እናውጣና ሕዝቡ ይፍረድ” ነው። ደጋግ ይመስላል። ግን አንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ወንበር ማስቀመጥ በራሱ ፍርድ ነው፤ ሁለቱ እኩል ይመዝናሉ ማለት ነው። የደርባኑ የሳይንስ መርሐ ግብር የኤድስን መንሥኤ በክርክር መልክ አላቀረበም። ተመራማሪው ዴቪድ ሆ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተነሣ የቫይረሱን ምስል ስክሪን ላይ አድርጎ፣ የኤድስ መንሥኤ ይህ ነው ብሎ ሲያሳይ አዳራሹ በጭብጨባ ነው የተቀበለው። ለምቤኪም ሆነ ለዱስበርግ የተሰጠ መልስ አልነበረም። ስሙን ሳይጠራ፣ ሳይጨቃጨቅ፣ ማስረጃውን ማሳየት ብቻ።

ሦስተኛው ከጉባኤው ውጭ የተሠራው ነው። ጁላይ 6፣ መክፈቻው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ “የደርባን መግለጫ” ወጣ። ከ5 ሺህ በላይ ሐኪሞችና ሳይንቲስቶች ፈርመውበታል፤ ኤችአይቪ ኤድስን እንደሚያመጣ የቀረበው ማስረጃ ግልጽና የተሟላ ነው ይላል። የፊርማው ደንብ ላይ አንድ ብልሃት ነበር። ፈራሚው የሕክምና ወይም የዶክትሬት ዲግሪ ያለው መሆን ነበረበት፤ የንግድ ኩባንያ ተቀጣሪዎች ደግሞ እንዳይፈርሙ ተጠይቀዋል። “የመድኃኒት ነጋዴ ጽፎላቸው ነው” የሚለውን ክስ ከመምጣቱ በፊት በሩ ላይ አስቀሩት ማለት ነው። ስንቶቻችን ነን የስፖንሰር ዓርማ ያለበት ወረቀት ላይ የሙያ አቋም አትመን አደባባይ የወጣነው?

መክፈቻው

ጁላይ 9፣ እሑድ ምሽት፣ ኪንግስሜድ የክሪኬት ስታዲየም። በዚያው ዕለት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ በዛኪ አክማት የሚመራው የሕክምና ዘመቻ ንቅናቄ አባላትና ከየአገሩ የመጡ አጋሮቻቸው፣ መድኃኒት ለሁሉም ይዳረስ እያሉ በከተማዋ ሰልፍ ወጥተዋል።

ምቤኪ መድረክ ላይ ወጡ። ሁሉም የጠበቀው አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፤ “ቫይረሱ በሽታውን ያመጣል” የሚል። አልመጣም። በምትኩ የዓለም ጤና ድርጅት በ1995 ያወጣውን ሪፖርት ጠቅሰው፣ የዓለማችን ትልቁ ገዳይ ድህነት መሆኑን ዘርዝረው፣ ሁሉንም ነገር በአንድ ቫይረስ ማላከክ እንደማይቻል ተናገሩ። ከተሳታፊው መካከል ተነሥተው የወጡ ነበሩ።

ከዚያ አንድ ልጅ ወጣ። ንኮሲ ጆንሰን ይባላል፤ 11 ዓመቱ ነው፤ ከቫይረሱ ጋር ነው የተወለደው። በ1997 ትምህርት ቤት ሊመዘገብ ሲል አይገባም ተብሎ አገር ያወቀው ጉዳይ ሆኖ ነበር። የሚያብረቀርቅ ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ ከሱፉ ሥር ስኒከር ተጫምቶ፣ ማይክሮፎን በእጁ ይዞ ቆመ። ስለ እናቱ ተናገረ። መንግሥት ለእርጉዝ እናቶች ኤዜድቲ ቢሰጥ፣ ቫይረሱ ወደ ሕፃናቱ ባይተላለፍ እመኛለሁ አለ። ተንከባከቡን፣ ተቀበሉን፣ እኛም ሰዎች ነን አለ። ንግግሩን ሳይጨርስ ፕሬዚዳንቱ ተነሥተው ሄዱ።

ይህን ቅደም ተከተል በአዘጋጅ ዐይን ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ፕሬዚዳንት በንግግር መልስ አይሰጠውም፤ የፕሮቶኮል ደንብ አይፈቅድም፣ የአገሬውም ክብር ይነካል። ከእርሳቸው ቀጥሎ ፕሮፌሰር ወጥቶ “ተሳስተዋል” ቢል ኖሮ ስታዲየሙ ለሁለት በተከፈለ፣ ወሬው ሁሉ የሁለት ሰው ጠብ በሆነ ነበር። ልጁ ግን አልተከራከረም። መድኃኒቱን ጠየቀ። ክርክሩ ውስጥ ሳይገባ ክርክሩ ምን እንደሚያስከፍል አሳየ። ይህ ሆን ተብሎ የተቀየሰ ይሁን የአጋጣሚ፣ ከዚያ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ለመክፈቻው ግን ሙሉ ነጥብ አልሰጥም። መግለጫው የወጣበት ጊዜና መንገድ እንግዳ ተቀባዩን ያደፈጡበት አስመሰለው። የፕሬዚዳንቱ ቃል አቀባይ ይህ ወረቀት ለቢሯችን ከተሰጠ ቦታው የቆሻሻ ቅርጫት ነው አሉ፤ የጤና ሚኒስትሯ ማንቶ ሻባላላ-ምሲማንግም ጥቂት ምሁራን ለራሳቸው ያዘጋጁት ነው ብለው አጣጣሉት። ይዘቱ ልክ ነበር። ግን ከጋዜጣው በፊት በሽማግሌ፣ በር ተዘግቶ፣ “ይህን ልናወጣ ነው፣ ክብርዎን አይነካም፣ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ይበሉልን” የሚል መንገድ አደባባይ አልታየም። ከ5 ሺህ ሰው ጋር በጋዜጣ የተፋጠጠ መሪ ሐሳቡን ቢለውጥ እንኳ ተሸነፈ ይባላል። መሪ ደግሞ ሽንፈት አይወድም።

እውነተኛው ጠብ

የጉባኤው ትልቁ ሥራ በማግሥቱ ነው የጀመረው። ጁላይ 10 ቀን የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ኤድዊን ካሜሮን፣ የዓለም ጤና ድርጅትን የኤድስ ፕሮግራም በመሩትና በአውሮፕላን አደጋ በሞቱት በጆናታን ማን መታሰቢያ የተሰየመውን ንግግር አደረጉ። ዳኛው ቫይረሱ በደማቸው እንዳለ ከአንድ ዓመት በፊት በራሳቸው ፈቃድ ተናግረው ነበር። የተናገሩት ነገር በጣም ቀላል ነበር፤ በወር ወደ 400 ዶላር የሚጠጋ ለመድኃኒት እከፍላለሁ፣ ስለምከፍል በሕይወት አለሁ፣ መክፈል የማይችለው አፍሪካዊ ይሞታል። መንግሥታቸውንም፣ ዋጋውን ሰማይ የሰቀሉትን ኩባንያዎችም በአንድ ትንፋሽ ወቀሱ።

እዚህ ላይ ነው አዘጋጆቹን የማደንቃቸው። ከበሽታው መንሥኤ ይልቅ የመድኃኒቱ ዋጋ የሚያሳፍራቸው፣ ገንዘብ ያላቸው፣ ኤግዚቢሽን አዳራሹን የሞሉ ወገኖች ነበሩ። የሕክምና ጉባኤ ከመድኃኒት ኩባንያ ገንዘብ ሳይቀበል እምብዛም አይቆምም። ሆኖም ዋናውን መድረክ ለዚህ ጠብ ሰጡት። ካሜሮን ጎን ክፍል ውስጥ፣ ከምሳ በኋላ፣ ሠላሳ ሰው ፊት ቢናገሩ ኖሮ ዛሬ ማን ያስታውሳቸው ነበር?

ከራሴ ልጨምር። አንድ የሙያ ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ ሲያዘጋጅ የመርሐ ግብር ኮሚቴው ውስጥ ነበርኩ። ስለ አገልግሎት ክፍያ የሚያወራ አንድ ክፍለ ጊዜ “ክቡር እንግዳው ቅር ይላቸዋል” ተብሎ በመጨረሻው ሳምንት ወጣ፤ በቦታው የምስክር ወረቀት ማደል ገባ። ሁለት ቀን ሙሉ በሻይ ሰዓት የተወራው ግን ያ የወጣው ክፍለ ጊዜ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ማይክ ይዞ የሚያስታርቅ ሰብሳቢ ነበረን፤ ቡና ማሽኑ አጠገብ ግን ማንም አልነበረም። ሁለት ነባር አባላት እዚያው ተኳርፈው እስከ ዛሬ አልታረቁም።

ደርባን ላይ ውጥረቱን ያረገቡት ኔልሰን ማንዴላ ናቸው። ጁላይ 14 በመዝጊያው ላይ ተናገሩ። አነጋገራቸውን ልብ ብሎ ለሚያየው የሽምግልና ትምህርት ነው። በመጀመሪያ ተተኪያቸውን አከበሩ፤ ፕሬዚዳንቱ ትልቅ አእምሮ ያላቸው፣ ሳይንስን ከልብ የሚይዙ ሰው ናቸው አሉ። ሳይንቲስቶቹም ለነጻ ምርምር የቆሙ ናቸው አሉ። ከዚያ ተራው ሰው፣ በተለይ ድሃው፣ ይህ የፖለቲካና የሳይንስ ክርክር ወደ ጎን ተትቶ ለሚሰቃየውና ለሚሞተው እንዲደረስለት ይመኛል ብለው፣ ከእናት ወደ ልጅ መተላለፍን መከላከልን በስሙ ጠሩ። ማንንም ተሳስተሃል አላሉም። መንገዱን ግን አመለከቱ። አዳራሹ በእልልታና በፉጨት ተናጋ። መዝጊያውን ማን እንደሚናገር ሲወሰን መክፈቻው ላይ ሊበላሽ የሚችለውን አስቦ መምረጥ ማለት ይህ ነው።

ከዚያ በኋላስ?

ጉባኤው ምቤኪን አልለወጣቸውም። በዚያው ዓመት መጨረሻ አካባቢ ከአደባባይ ክርክሩ ራቅ አሉ እንጂ መንግሥታቸው እግሩን መጎተቱን አልተወም። ጉባኤው ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው አንድ የጀርመን ኩባንያ ኔቪራፒን የተባለውን መድኃኒት ከእናት ወደ ልጅ መተላለፍን ለመከላከል ለታዳጊ አገሮች ለአምስት ዓመት በነጻ እሰጣለሁ ብሎ ነበር። ካምፓላ ላይ የተደረገ ጥናት አንድ ክኒን ለእናት፣ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ሽሮፕ ለሕፃን መተላለፉን ወደ ግማሽ እንደሚቀንስ አሳይቶ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ግን በየክፍለ ሀገሩ በሁለት የሙከራ ጣቢያ ብቻ ወሰነችው። በ2008 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ባወጡት ስሌት፣ የኤድስ መድኃኒት ለበሽተኞች በጊዜው ባለመዳረሱ ከ330 ሺህ በላይ ሰው ሞቷል፤ ከእናት ወደ ልጅ መተላለፍን መከላከሉ በመዘግየቱም 35 ሺህ ሕፃናት ከቫይረሱ ጋር ተወልደዋል።

የዋጋው ጠብ ግን መልኩን ለወጠ። በፌብሩዋሪ 2001 የሕንዱ መድኃኒት አምራች ሲፕላ ሦስቱን መድኃኒት ለአንድ ሰው በዓመት በ350 ዶላር እሰጣለሁ ብሎ ወጣ፤ በ2002 ኤድስን፣ ሳንባ ነቀርሳንና ወባን ለመዋጋት የተቋቋመው ዓለም አቀፉ ፈንድ ሥራ ጀመረ። ሁሉንም ለደርባን መስጠት ማጋነን ይሆናል። ቢሆንም ከደርባን በፊት “አፍሪካዊ መድኃኒቱን በሰዓቱ አይውጥም፣ ገንዘቡም የለም” የሚለው ወሬ በየስብሰባው ያለ ኀፍረት ይነገር ነበር፤ ከደርባን በኋላ የሚናገረው ሰው ድምፁን ዝቅ ማድረግ ጀመረ።

የሕክምና ዘመቻ ንቅናቄ በኦገስት 2001 መንግሥትን ከሰሰ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ጁላይ 5 ቀን 2002፣ የደርባን መግለጫ ኔቸር ላይ ከወጣ ሁለት ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው፣ ኔቪራፒን በሙከራ ጣቢያ ብቻ ሳይወሰን ለሚያስፈልጋቸው እናቶች በየመንግሥት ሆስፒታሉ እንዲሰጥ አዘዘ። ንኮሲ ጆንሰን ይህን አልሰማም። ከፍርዱ አሥራ ሦስት ወር በፊት፣ ጁን 1 ቀን 2001፣ በ12 ዓመቱ ሞቷል።